ቼግዊደን ማለት ምን ማለት ነው? የኮርንዎልን ብርቅ የቤተሰብ ስም ከሥሩ የማግኛ መንገድ

እኛ ሐበሾች ከሰው ጋር ስንተዋወቅ አንድ አመል አለን። ስሙን እንሰማና ወዲያው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» እንላለን። እዚህ ለንደን አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ የቤተሰብ ስሟ ቼግዊደን ነው። ትርጉሙ ቀርቶ አጻጻፉን በአንዴ የሚይዝላት ሰው የለም። ስልክ ላይ ፊደል በፊደል ስትቆጥር ነው የምትውለው። ጠየቅኳት። «እኔ እንጃ፤ የአባቴ ዘመዶች ከኮርንዎል ናቸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓታችን በዚህ ስም አለቀ።

መንገዱን ስለለመድኩት ላሳያችሁ። የምትፈልጉት የባላችሁን ወይም የሚስታችሁን ስም ይሁን፣ ልጆቻችሁ በአንድ ወገን የያዙትን ይሁን፣ አካሄዱ አንድ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። አብዛኛው ሰው የሚሸወደው ከትርጉሙ ስለሚጀምር ነው። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ይጽፋል፣ አንድ መስመር ያገኛል፣ በቃ ይረካል። የኮርንዎል ስም ግን ባብዛኛው አድራሻ ነው። የሆነ ሰው የኖረበት እርሻ ስም ነው። አድራሻው ሳይገኝ የሚሰጥ ትርጉም ግምት ነው። ስለዚህ ቦታው ይቅደም፣ ትርጉሙ ይከተል።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አገሩን እወቁ

ኮርንዎል የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው፤ ወደ አትላንቲክ የሾለ ምድር። ከጎረቤቱ ከዴቨን የሚለየው የቴማር ወንዝ ነው። ሕዝቡ የራሱ ቋንቋ ነበረው፤ ኮርኒሽ ይባላል። የእንግሊዝኛ ዘዬ እንዳይመስላችሁ። ዘመዶቹ ዌልሽና በፈረንሳይ ብሪታኒ የሚነገረው ብሬተን ናቸው። እንግሊዝኛ ከምሥራቅ እየገፋው ወደ ምዕራቡ ጥግ ተሰበሰበ። የመጨረሻዋ አፍ የፈታችበት ሰው ናት የምትባለው ዶሊ ፔንትሪዝ፣ የማውዝል መንደር ዓሣ ሻጭ፣ በ1777 ሞተች። ሄንሪ ጄነር በ1904 የመማሪያ መጽሐፍ አሳትሞ ቋንቋውን የማንሣቱን ሥራ አስጀመረ፤ ዛሬ የሚማሩትም የሚናገሩትም አሉ። በመካከሉ ቋንቋውን ይዘው የቆዩት የቦታና የሰው ስሞች ናቸው።

ሁለተኛው ማወቅ ያለባችሁ ነገር ለኛ ቀላል ነው። በኮርንዎል፣ በተለይ በምዕራቡ በኩል፣ የቤተሰብ ስም ከተቀረው እንግሊዝ ዘግይቶ ነው የጸናው። እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብዙ ሰው የአባቱን ስም ያስከትል ነበር። ጆን ሪቻርድን ቢወልድ፣ ልጁ ሪቻርድ ጆን ይባላል። ሪቻርድ ቶማስን ቢወልድ ደግሞ ቶማስ ሪቻርድ። ሌላው በሚኖርበት እርሻ ይጠራል፤ እርሻ ከቀየረ ስሙም አብሮ ሊቀየር ይችላል። ለዚህ ነው በድሮ መዝገብ አንድ ሰው በሁለት ስም ተጽፎ የሚገኘው፦ እገሌ «ወይም» እገሌ ተብሎ። እንግሊዞቹ እዚህ ላይ ግራ ይጋባሉ። አያት፣ አባትና ልጅ በሦስት ስም ሲጠሩ ያየ ሐበሻ ግን አይደናገርም።

እንደውም አንዱ የኮርንዎል ስም ከኛው ጋር ይገጥማል። ፓስኮ የሚባል የቤተሰብ ስም አለ። ከየት መጣ ብትሉ፣ በኮርኒሽ ፋሲካ «ፓስክ» ነው። ድሮ የወንድ ልጅ መጠሪያ ነበር። ያው ፋሲካ ማለት ነው እንግዲህ።

ደረጃ 1፦ ስሙን ከአፍ ስሙት

ከወረቀት አትጀምሩ። በቤተሰቡ ውስጥ በዕድሜ ትልቁን ሰው ደውሉና ስሙን እንዲጠራላችሁ ጠይቁት። ቃናው የት ላይ እንደሚጫን አድምጡ። በኮርኒሽ ጭነቱ ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ላይ ነው፤ ቼግ-ዊ-ደን ሲባል «ዊ» ላይ። ከሁለት ቃላት የተሠራ የቦታ ስም ከሆነ የሚጫነው ሁለተኛው ቃል ነው። ትሬ-ሎ-ኒ፣ ናን-ካ-ሮ፣ ፔን-ሮዝ። የመጀመሪያው ቁራጭ ቀለል ብሎ ነው የሚያልፈው። ይህን ካወቃችሁ ስሙ የት ላይ እንደሚሰበር ግማሹን አገኛችሁ።

እግረ መንገዳችሁን የአያት ቅድመ አያቱን ስም፣ ሥራና መንደር መዝግቡ። «ማዕድን ቆፋሪ ነበር» ከተባለ አትገረሙ። ቆርቆሮና መዳብ ለኮርንዎል ትልቅ እንጀራ ነበር።

ደረጃ 2፦ አጻጻፉን ሰብስቡ

የድሮ ጸሐፊ የሰማውን ነው የሚጽፈው። ባለስሙም ብዙ ጊዜ ፊደል አይቆጥርምና አያርመውም። እኛ ባየነው አንድ የክርስትና መዝገብ ገጽ ላይ የአንድ አባት ስም በሁለት ልጆቹ ላይ በሁለት ዓይነት ተጽፏል። ቄሱ ያው፣ ብዕሩ ያው። አንዱ ላይ የመጀመሪያው አናባቢ ኢ ነው፣ ሌላው ላይ አይ። አንዱ ዲዋን ደግሟታል፣ ሌላው ነጠላ አድርጓታል።

ስለዚህ ስትፈልጉ አናባቢዎቹን አትመኑ። ተነባቢዎቹን ያዙ። ብዙዎቹ ድረ ገጾች በማታውቁት ፊደል ቦታ የኮከብ ምልክት (*) እንድታስገቡ ይፈቅዳሉ። አናባቢውን ሁሉ በኮከብ ተኩትና ፈልጉ። ስሙ ብርቅ መሆኑ እዚህ ይጠቅማችኋል። ስሚዝ የሚል ስም ቢሆን ሺህ ሰው ይወጣባችሁ ነበር፤ ቼግዊደን ግን በጣት የሚቆጠር መንደር ላይ ነው የሚሰበሰበው።

ደረጃ 3፦ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ሂዱ

ከሚታወቀው ወደማይታወቀው ነው። ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት። መዝለል የለም። «አንድ የታወቀ ቼግዊደን በ1700ዎቹ ነበር፣ እሱ ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ከላይ ከጀመራችሁ የሌላ ሰው አያት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በእንግሊዝና ዌልስ የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው። የልደት ወረቀት የእናትን የቤተሰብ ስም ይሰጣችኋል። የጋብቻ ወረቀት የሁለቱንም አባቶች ስምና ሥራ። ማውጫውን በነፃ ለማየት ፍሪቢኤምዲ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት ነው።

ከዚያ የሕዝብ ቆጠራ። በየአሥር ዓመቱ ነው። የእያንዳንዱን ሰው ስም በአገር ደረጃ የያዘው የመጀመሪያው የ1841 ቆጠራ ነው፤ ግን ወጥመድ አለበት። ከ15 ዓመት በላይ ያለ ሰው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ወደ ታች በአምስት አምስት ተጠጋግቷል፤ የ34 ዓመት ሰው 30 ተብሎ ይገኛል። የትውልድ ቦታውም «በዚሁ አውራጃ ነው፣ አይደለም» ከማለት አያልፍም። የ1851ዱ ግን የተወለደበትን አጥቢያ ይናገራል። የኛ ፍለጋ የተከፈተው በዚህ አንድ መስመር ነው፤ እኔ ብሆን ቀጥታ ወደ 1851 ነው የምሄደው። የ1931ዱን አትልፉበት፤ በ1942 በእሳት ወድሟል።

ከ1837 በፊት ያለው በቤተ ክርስቲያን እጅ ነው። ቶማስ ክሮምዌል በ1538 እያንዳንዱ አጥቢያ ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ አዘዘ። ሁሉም መዝገብ ከዚያ ዓመት ጀምሮ አልተረፈም፤ አንዳንዱ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው የሚጀምር። ለኮርንዎል ደግሞ የኦንላይን ፓሪሽ ክለርክስ ሰዎች አሉ። አጥቢያ ተከፋፍለው መዝገቡን የሚገለብጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የሰበሰቡት ነፃ ነው። ፋሚሊሰርችና ፍሪሬግ የሚባሉ ድረ ገጾችም ያግዛሉ።

ሌላ ጥሩ ነገር አለ። በ1641 እና 42 ፓርላማው ዕድሜያቸው 18 የሞላና ከዚያ በላይ የሆኑ ወንዶች ሁሉ ቃለ መሐላ እንዲፈርሙ አደረገ። የኮርንዎል ዝርዝር በብዛት ተርፏል። በዚያ ዘመን ስሙ በየትኛው አጥቢያ እንደነበረ በአንድ ጊዜ ያሳያችኋል።

እዚህ ላይ የቀን ጉዳይ ይነሣል። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት የምትቆጥረው ከመጋቢት 25 ነበር፤ በፈረንጁ መጋቢት ማለቴ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «የካቲት 1641» የሚል ካያችሁ በዛሬው አቆጣጠር 1642 ነው። በዚያው በ1752 መስከረም 2 ካለፈ በኋላ በማግስቱ መስከረም 14 ሆነ። የቢሮ ባልደረቦቼ ይሄን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። እኔ ዕድሜ ልኬን በሁለት ካሌንደር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ምንም አልመሰለኝም።

ደረጃ 4፦ ካርታ ላይ አስቀምጡት

ያገኛችሁትን ስም ሁሉ በዓመትና በአጥቢያ ከፋፍላችሁ ካርታ ላይ ነጥብ አድርጉ። ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር ነጥቦቹ ይሰበሰባሉ። ከሦስት አራት አጎራባች አጥቢያ በላይ የማይወጡበት ጊዜ ይመጣል። አሁን ዝርዝር ካርታ አውጡና በዚያ አካባቢ የእርሻዎቹን ስም አንብቡ። ከቤተሰቡ ስም ጋር የሚገጥም እርሻ ፈልጉ።

እርሻው ከተገኘ ኑዛዜ ፈልጉ። ሰው ሲናዘዝ መሬቱን በስሙ ይጠራል። የኮርንዎል ኑዛዜዎችና የአጥቢያ መዝገቦች በሬድሩዝ ከተማ በክሬሰን ከርኖ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ የድሮ ቢራ ፋብሪካ ታድሶ በ2019 የተከፈተ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በኮርንዎል አንድ ዓይነት ስም ያላቸው እርሻዎች በተለያየ ቦታ አሉ። «ነጭ ቤት» ወይም «አዲስ ቤት» የሚል ስም የትም ይወጣል። ስለዚህ ስማቸው አንድ የሆኑ ሁለት ቤተሰቦች ምንም ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል። ይሄን በወረቀት መለየት ካልቻላችሁ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈውን የዋይ ክሮሞዞም የሚያነጻጽር ምርመራ አለ። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ወንድ ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ስሙን ሰብሩት

አሁን መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ። የኮርንዎልን ሰው በትሬ፣ በፖልና በፔን ታውቀዋለህ የሚል የድሮ ግጥም አለ፤ እውነትነት አለው። ትሬ መኖሪያ ወይም እርሻ ነው። ፖል ኩሬ። ፔን ራስ ወይም ጫፍ፤ ራስ ዳሽን ስንል «ራስ» እንደምንለው ማለት ነው። ሮስ ዳገታማ ዱር ወይም ወደ ባሕር የወጣ መሬት፣ ናንስ ሸለቆ፣ ላን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ካር ምሽግ፣ ቺ ወይም ቼ ቤት ነው። አን ደግሞ የኛን «ው» የሚተካ ነው። አንጎቭ፦ አንጥረኛው። በ1497 በንጉሡ ግብር ላይ ያመፁትን ኮርንዎሎች ከሴንት ኬቨርን ይዞ ለንደን ድረስ የዘመተው ማይክል ጆሴፍ «አን ጎፍ» የተባለው ቀጥቃጭ ስለነበረ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ታይበርን ላይ ተገደለ።

ሁለት ሕግ ብቻ ያዙ። አንደኛ፣ ገላጩ ኋላ ነው የሚመጣው። እኛ «ነጭ ቤት» የምንለውን እነሱ «ቤት ነጭ» ይላሉ። ቼኖዌዝ ማለት ቺ እና ኖወዝ ነው፤ ቤት አዲስ። ፖልግሌዝ ደግሞ ፖል እና ግላስ፤ ግላስ ሰማያዊም አረንጓዴም ነው፣ ኩሬውን ሄዶ ማየት ነው።

ሁለተኛው ሕግ ትንሽ ያስቸግራል። የቃል የመጀመሪያ ድምፅ ከፊቱ ባለው ቃል ምክንያት ይለወጣል። ሴት ጾታ ካለው ስም በኋላ ቢ ወደ ቪ ትዞራለች፣ ጂ ትወድቃለች፤ ቲ ደግሞ «አን» ሲቀድማት ዲ ትሆናለች። ትሬ ሴት ነው። ለዚህ «ትንሽ እርሻ» ትሬቢያን ሳይሆን ትሬቪን ይባላል። አንድሬዋርታ የሚለውን ስም ተመልከቱት። እንድሪያስ ከሚለው ጋር ምንም አያገናኘውም። አን፣ ትሬ፣ ግዋርታ ነው፦ «የላይኛው እርሻ»። ከአን በኋላ ትሬ ድሬ ሆነ። ግዋርታም ጂዋን ጥላ ዋርታ ሆነች። ሦስት ቃል በአንድ ትንፋሽ።

ወደ ቼግዊደን እንመለስ። ቼ ቤት ነው። የቀረው ግዊደን ነው። በኮርኒሽ ነጭ «ግዊን» ነው። ቺ ወንድ ጾታ ስለሆነ ጂዋ አልወደቀችም። ነጭ ቤት ማለት ነው እንግዲህ። ግን ግዊን ከሆነ ዲዋ ከየት መጣች?

ደረጃ 6፦ ድምፁ ዘመንና ቦታ ይነግራችኋል

እኔን ያስደሰተኝ ይሄ ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በምዕራብ ኮርንዎል የሚነገረው ኮርኒሽ አንድ ነገር ሆነ። ጠብቆ የሚነገረው ን ፊቱ ላይ ድ አበቀለ። ግዊን ግዊድን ሆነ፤ ፔን ፔድን ሆነ። ዛሬም በምዕራቡ ጫፍ ፔድን ቫውንደር የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። በምሥራቁ ቋንቋው ቀድሞ ስለጠፋ ይህ ለውጥ አልደረሰበትም።

አሁን ቼግዊን የሚባለውን ስም አስቡት። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያዩ ሰዎች ኪት ቼግዊንን ያውቁታል፤ በ2017 የሞተው አቅራቢ። ቼግዊንም ቼግዊደንም ነጭ ቤት ናቸው። አንዱ ድ አላት፣ አንዱ የላትም። ባለ ድዋ ስም ቋንቋው በምዕራብ ገና በሰው አፍ ላይ ሳለ የተለወጠች ናት። ከመዝገብ ሳይሆን ከአንዲት ተነባቢ ይህን ያህል ማወቅ ይቻላል።

ሌላም ምልክት አለ። መኖሪያ የሚለው ቃል በምሥራቅ ቦድ ነው፣ ቦድሚን ከተማን አስቡ። በምዕራብ ደግሞ ቦስ ነው፣ ቦስካወን እንደሚለው ስም።

ደረጃ 7፦ የቦታውን የድሮ አጻጻፍ ሳታዩ አትወስኑ

የዛሬው ቅርጽ ይዋሻል። የኮርንዎል ከፍተኛው ኮረብታ 420 ሜትር ነው፤ ስሙ ብራውን ዊሊ። በእንግሊዝኛ ካነበባችሁት የሚያስቅ ነገር ነው የሚሆነው። በኮርኒሽ ግን ብሮን ወኒሊ ነው፤ በፀደይ መጥተው ጣራ ሥር ጎጆ የሚሠሩት፣ እንግሊዞች ስዋሎው የሚሏቸው ወፎች ኮረብታ ማለት ነው።

ናንካሮ ደግሞ ለሁለት ትርጉም ይመቻል። ናንስ ሸለቆ መሆኑ አያከራክርም። ሁለተኛው ቃል ካሮው ከሆነ የወንድ አጋዘን ሸለቆ ነው። ጋሮው ከሆነ ደግሞ ወጣ ገባ ሸለቆ፤ ኤስ እና ጂ ሲገጣጠሙ ጂ ጠንክራ ኬ ትሆናለች። በአጻጻፉ ብቻ አይለይም። የድሮውን ሰነድ ማየትና ሸለቆው ውስጥ መቆም ያስፈልጋል። ይሄን ስም ይዞ አሜሪካ የተወለደው አቀናባሪው ኮንሎን ናንካሮ (1912–1997) ሜክሲኮ ተቀምጦ ራሱ ለሚጫወት ፒያኖ ይጽፍ ነበር። ከአንድ የኮርንዎል ሸለቆ እስከ ሜክሲኮ።

ዘሩ ጠፍቶባችሁ ከሆነ ወደ ውጭ ተመልከቱ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመዳብ ዋጋ ሲወድቅ፣ በተለይ ከ1866 ወዲህ፣ ማዕድን ቆፋሪው ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። ደቡብ አውስትራሊያ ሙንታ፣ ካሊፎርኒያ ግራስ ቫሊ፣ ሚቺጋን፣ ደቡብ አፍሪካ። ሜክሲኮ ፓቹካ ደግሞ ቀደም ብለው የገቡት ያስለመዱት በሥጋና ድንች የተሞላ የኮርንዎል ኬክ «ፓስቴ» እየተባለ ዛሬም ይሸጣል። አንድ ሰው ከ1861 ቆጠራ በኋላ ድንገት ከጠፋ፣ ሞተ ከማለታችሁ በፊት የመርከብ ዝርዝር ፈትሹ። ሚስትና ልጆች እዚያው ቀርተው ባል ብቻውን የሄደበት ብዙ ነው። ገንዘብ ይልክ ነበር። ይሄም ለኛ አዲስ ታሪክ አይደለም።

እንዳትሸወዱ

«የቤተሰባችሁ ዓርማ» ብለው ፍሬም አድርገው የሚሸጡ አሉ። ዓርማ ለአንድ ሰውና ለዘሩ ነው የሚሰጠው፣ ለስም አይደለም። ስማችሁ አንድ ስለሆነ ብቻ የእናንተ አይሆንም።

«ጠቆር ያልነው ከስፔን መርከበኛ ስለተወለድን ነው» የሚል ወሬ በየቤቱ አለ። ስፔኖች በ1595 ማውዝልንና ፔንዛንስን ማቃጠላቸው እውነት ነው። ከዚያ ወደ ቤተሰባችሁ የሚያደርስ ሰነድ ግን ያስፈልጋል።

በፔን ወይም በፖል የጀመረ ሁሉም ኮርኒሽ አይደለም። ፔንፎልድ የእንግሊዝኛ ነው፤ የባዘነ ከብት የሚታጎርበት በረት። ትሬና ፔን በዌልስም ሞልተዋል። መለያው አሁንም ካርታው ነው።

እኛ እስካሁን የደረስነው እዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ጽፈናል፦ ስሙ ቺ እና ግዊን፣ ነጭ ቤት፤ ቅርጹ የምዕራብ ኮርንዎል፤ እርሻው ከሁለት አንዱ። ሁለቱን የሚለየው ኑዛዜ ሬድሩዝ ነው ያለው። በሚቀጥለው ወር አብረን እንሄዳለን። እናንተም ከሄዳችሁ ወንበርና ሰነድ አስቀድማችሁ አስይዙ፣ መታወቂያ አትርሱ። እርሳስም ያዙ፤ ከድሮ ሰነድ አጠገብ እስክሪብቶ አያስቀርቡም።